ጭራቁን ተዉት፣ ግድግዳውን እዩ

አንድ ምስል ይመጣል። ርዕስ የለውም። የተዋናይ ስም የለውም። ከሆነ ሆረር ፊልም መሃል ተቆርጦ የወጣ አንድ ፍሬም ነው፣ በቃ። ጥያቄው ደግሞ አጭር ነው፦ ይሄ የትኛው ፊልም ነው?

ይህን ጨዋታ ከጓደኞቼ ጋር ከጀመርን ቆይተናል። አንዱ በቴሌግራም ይልካል፣ ሌሎቻችን እንገምታለን። ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ፊልም አይላክም። ስሙ የገነነ ተዋናይ ፊቱ ፍንትው ብሎ የሚታይበት ምስልም አይላክም። ምስሉን ኢንተርኔት ላይ አስገብቶ ማስፈለግ ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው። ስልካችሁ መልሱን በሰከንድ ውስጥ ይነግራችኋል፤ እናንተ ግን ምንም ሳታዩ ቀራችሁ ማለት ነው። የጨዋታው ጣዕም ያለው ማየቱ ላይ ነው።

አዲስ ሰው ሲቀላቀለን ዓይኑ ቀጥ ብሎ ጭራቁ ላይ ያርፋል። ነጭ ፊት፣ ጥቁር የዓይን ጉድጓድ፣ የሾለ ጥርስ፣ ደም። ከዚያ እስከዛሬ ያያቸውን ነጭ ፊቶች ሁሉ በሐሳቡ ያገላብጥና ግራ ይገባዋል። እኔ የምመልስለት ሁሌም አንድ ነው፦ ጭራቁን ተወው፣ ግድግዳውን እይ።

ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ጭራቅ ይኮረጃል። አንድ ፊልም ከተሳካለት የእሱ ጭራቅ በዓመት ውስጥ አሥር አገር ይደርሳል። በ1998 ጃፓን ውስጥ «ሪንጉ» ወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ በኋላ ረጅም ጥቁር ፀጉሯን ፊቷ ላይ የለቀቀች፣ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከኮሪያ እስከ ታይላንድ፣ ከሆንግ ኮንግ እስከ ሆሊውድ ያልገባችበት የለም። ስለዚህ ምስሉ ላይ እሷ ብትኖር አገሩንም ዓመቱንም አትነግራችሁም። ከኋላዋ ያለው የመብራት ማብሪያ ግን ይነግራችኋል። የበሩ እጀታ፣ የመጋረጃው ጨርቅ፣ የወለሉ ንጣፍ ይነግራችኋል። እነሱን ለማስፈራሪያ ብሎ ያስቀመጣቸው የለም። ካሜራው ሲመጣ እዚያው ነበሩ፣ ስለዚህ አይዋሹም።

ለምሳሌ «ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ»ን እንውሰድ። በ1962 የወጣ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ኸርክ ሃርቪ በካንሳስ ግዛት፣ በሎውረንስ ከተማ፣ ማስተማሪያና የኢንዱስትሪ ፊልሞች በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጣሪ ነበር። አንድ ጊዜ ከካሊፎርኒያ በመኪና ሲመለስ ዩታ ውስጥ በታላቁ የጨው ሐይቅ ዳር ባዶውን የቆመ ግዙፍ ሕንጻ አየ። ሳልተየር ይባላል። በደጉ ጊዜ ሰው እየጎረፈ የሚዋኝበትና የሚጨፍርበት መዝናኛ ነበር። በ1958 ተዘግቶ ጉልላቶቹና ሰፊው የዳንስ አዳራሹ ለነፋስ ቀሩ። ሃርቪን የያዘው ይህ ሕንጻ ነው። ታሪኩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሥራ ባልደረባውን ጆን ክሊፎርድን ድርሰቱን ጻፍልኝ አለው፣ ከሥራው ፈቃድ ወሰደ፣ ወደ 33 ሺህ ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ በሦስት ሳምንት ገደማ ቀረጸው። ዋናውን ነጭ ፊት ሰውዬም ራሱ ተጫወተው።

የዚያን ሰውዬ ፊት ብቻ ብታዩ ከብዙ ፊልም ጋር ይምታታባችኋል። ከኋላው የሳልተየር ምሰሶ ወይም የደረቀው የጨው ሜዳ ትንሽ ከታየ ግን ነገሩ አለቀ። በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ቦታ ሌላ አልነበረም። ሕንጻው ራሱ በ1970 ተቃጥሏል። አሁን ፊልሙ ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው። ሃርቪ ከዚህ ሌላ ሙሉ ፊልም አልሠራም። ፊልሙም ሲወጣ ብዙ ሰው አላየውም፤ በደንብ የተነሳው በ1989 እንደገና ለሲኒማ ሲቀርብ ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ አንድ ፊልም ሠርቶ፣ ከዚያ ፊልም ላይ የተቆረጠች አንዲት ምስል ከስልሳ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ላይ ወጥታ «አወቅኩት!» የሚል ሰው ስታገኝ፣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የዚህ ጨዋታ ፍቅሬም ዋናው ምክንያቱ ይሄ ነው።

የእኛ ሰፈር ልጆች ይህን ጨዋታ ስም ሳንሰጠው ተጫውተነዋል። በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ሰው ያውቀዋል። ካሴቱ ከካሴት የተገለበጠ ነው። መጀመሪያው ተቆርጧል፣ ወይም ገንዘብ አሰባስበን እስክንገባ ፊልሙ ተጋምሷል። ርዕሱን የሚነግረን የለም። ስለዚህ ስም የሌላቸው ብዙ ፊልሞች በውስጣችን ቀሩ። ከእነዚያ አንዱ ለረጅም ጊዜ ሲመላለስብኝ ኖሯል። የሚያብለጨልጭ ነጭ እብነ በረድ ኮሪደር ነው። ግራና ቀኙ የመቃብር ሣጥን የሚገባባቸው ግድግዳዎች ናቸው። አንድ ልጅ ይሮጣል። አንዲት የብር ኳስ እየበረረች ትመጣለች። ታሪኩ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር፣ ኮሪደሩ ግን አልወጣም።

ካደግኩ በኋላ አንድ ጓደኛዬ ምስል ላከ። ኳሷ የለችበትም፣ ልጁም የለበትም። ጥቁር ሱፍ የለበሰ ረጅም ሽማግሌ በዚያ ኮሪደር ውስጥ ቆሟል። እኔ ያወቅኩት ሽማግሌውን አይደለም፣ እብነ በረዱን ነው። «ፋንታዝም» ነበር፣ 1979። ዶን ኮስካሬሊ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ውስጥ ሆኖ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ራሱ አቀናብሮ ያወጣው ፊልም ነው። የኳሷን ሐሳብ ያገኘው ከሕልም እንደሆነ ተናግሯል። የልጅነት ፍርሃቴ ስም ሲያገኝ የተሰማኝን ደስታ እስከዛሬ አስታውሰዋለሁ።

ቀለም ደግሞ ራሱን የቻለ ምስክር ነው። ምስሉ በሙሉ ወደ ሮዝ ያደላ ከሆነ፣ ሰማዩም ሣሩም የሰው ፊትም ሮዝ ሮዝ ካለ፣ ዳይሬክተሩ ፈልጎት አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በብዛት ይታተምበት የነበረው የኢስትማን የቀለም ፊልም ሲያረጅ ሰማያዊውና ቢጫው ቀድመው ይለቃሉ፣ ቀይ ነገር ይቀራል። ስለዚህ ሮዝ ምስል ማለት አብዛኛውን ጊዜ ማንም ያላደሰው፣ አሮጌ ኮፒው ብቻ የቀረ ፊልም ነው። የተረሳ ፊልም ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው። በአንጻሩ የ1977ቱን «ሳስፒሪያ» ተመልከቱ። ዳሪዮ አርጀንቶና የካሜራ ባለሙያው ሉቺያኖ ቶቮሊ በዚያን ጊዜ ሊጠፋ በተቃረበው፣ ቀለሙ በቀላሉ በማይለቀው የቴክኒከለር ኅትመት ነው ያወጡት። ያ ቀይ ግድግዳ ታስቦ የተቀባ፣ ታስቦ የበራ ቀይ ነው። ያረጀ ቀይና የታሰበ ቀይ ይለያያሉ። ዓይን ሲለምድ ወዲያው ይነግራችኋል።

የምስሉ ስፋትም እንዲሁ። ወርዱና ቁመቱ ለእኩልነት የቀረበ ከሆነ አንድም አሮጌ ነው፣ አንድም ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው፣ አንድም ገንዘብ ያጠረው ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ እንደ መቀነት ወደ ጎን የተዘረጋ ከሆነ የ1960ዎቹን ጃፓን መጠርጠር ነው። የካኔቶ ሺንዶ «ኦኒባባ» (1964) እንዲህ ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። በጦርነት ዘመን ሁለት ሴቶች ሣሩ ውስጥ ተደብቀው ከውጊያ የሸሹ ወታደሮችን ይገድላሉ፣ ጥሩራቸውንና ልብሳቸውን ሸጠው ይበላሉ። ብዙ ሰው የሚያነሳው ጭንብሉን ነው። ለእኔ ግን ፊልሙ ሣሩ ነው። ሣሩ እዚያ የግድግዳ ሥራ ይሠራል፤ መውጫ የለውም።

አክስቴ ሆረር ፊልም አይታ አታውቅም፣ ማየትም አትፈልግም። ዕድሜዋን ሙሉ ግን ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ቤቷ ቡና ላይ ቁጭ ብለን የደረሰኝን ምስል አሳየኋት። አንዲት ሴት አልጋ ላይ ናት። ከኋላዋ ግድግዳው በሙሉ የሰው ቁመት ባላቸው ሥዕሎች ተሞልቷል፣ ሱፍ ለብሰው ቆመው የሚያይዋት ሰዎች። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ግድግዳውንም ሴትዮዋንም አላየችም። ዳር ላይ የቆመውን ሰውዬ ኮሌታ ነው ያየችው።

«ይሄማ የእኛ ጊዜ ነው» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ እትዬ?»

«ኮሌታውን አታየውም እንዴ የኔ ልጅ? ያኔ እንዲህ አድርገን ነበር የምንቆርጠው። ሱሪውም ቢታይ ቤልቦተም ነው። ከአብዮቱ በፊት ነው፣ ብዙም ሳይርቅ።»

ልክ ናት። «ሜሳያ ኦፍ ኢቪል» ይባላል፣ የወጣው በ1973 ነው። አንዲት ወጣት የጠፋ ሠዓሊ አባቷን ፍለጋ ወደ አንድ የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ከተማ ትሄዳለች። ያ ግድግዳ የአባቷ ቤት ግድግዳ ነው። የሠሩት ባልና ሚስቱ ዊላርድ ኸይክና ግሎሪያ ካትስ ናቸው። በዚያው ዓመት ለጆርጅ ሉካስ «አሜሪካን ግራፊቲ» ድርሰት ላይ አብረው ጽፈዋል። አሁን አጠያያቂ ፎቶ ሲመጣ መጀመሪያ የምደውለው ለአክስቴ ነው። እሷ ዓመቱን ትሰጠኛለች፣ እኔ ፊልሙን እፈልጋለሁ።

ከዚህ ፊልም ላይ ሌላም የተማርኩት አለ። አንዲት ልጅ ሲኒማ ቤት ገብታ ትቀመጣለች። አዳራሹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ፊልሙ ይጀምራል። ከኋላዋ አንድ ሰው ይገባል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። እሷ ወደ ፊት ታያለች፣ እኛ ከኋላዋ ወንበሮቹ ሲሞሉ እናያለን። ከዚህ ትዕይንት አንድ ፍሬም ቆርጣችሁ ብትልኩ ምን ይታያል? ሲኒማ ቤት የተቀመጠች ልጅ፣ ከኋላዋ የተቀመጡ ሰዎች። በቃ። ምንም አያስፈራም። ፍርሃቱ ያለው በሁለቱ ወንበሮች መሞላት መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ ጊዜ ደግሞ ፎቶ ላይ አይወጣም። ለዚህ ነው በአንድ ምስል ላይ ጥሩ ሆረርና መጥፎ ሆረር መለየት የማይቻለው። ግሩም ጭራቅ ያለበት ምስል የሚያስተኛ ፊልም ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ የሚነሳው ፊልም ደግሞ ባዶ ኮሪደር ብቻ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ስለ ዓይን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ሰይጣን፣ ሰቃይ ወታደር፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በዚህ ሥዕል ፊት እየቆመ ያደገ ልጅ ከአንድ ምስል ላይ ማን ምን እንደሆነ ማንበብን ሳይታወቀው ተምሯል። የሆረር ፊልም ይህን ይገለብጠዋል። ክፉው ነው ቀጥ ብሎ በሁለት ዓይኑ ወደ ካሜራው የሚያየው። የሃርቪ ነጭ ፊት ሰውዬ በመኪናው መስኮት የሚያየው እንደዚያ ነው። እኔን የሚረብሸኝ ይሄ ይመስለኛል፤ የጻድቁ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተቀምጦ ያየኛል።

የሶቪየቱ «ቪይ» (1967) ደግሞ ለእኛ አንባቢ ይበልጥ ቅርብ ነው። የደራሲው የጎጎል ታሪክ ነው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ በሞተች ልጅ አስከሬን ላይ ሦስት ሌሊት ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎት እንዲያነብ ይገደዳል። ዳዊት ለሞተ ሰው የሚደገምበት አገር ተወልዶ ይህን ፊልም የሚያይ ሰው ገለጻ አያስፈልገውም። ልጁ ዙሪያውን በጠመኔ ክብ ያሰምራል፣ ክቡ ውስጥ ሆኖ ያነባል። ሬሳዋ ትነሳለች፣ ክቡን ግን ማለፍ አትችልም። በሦስተኛው ሌሊት ቪይ የተባለው ፍጡር ይመጣል። የዓይኑ ቆብ ከብዶት ማየት አይችልም፣ አንሱልኝ ይላል። ልጁ ሊያየው አይገባም ነበር፣ አየው። ከዚህ ፊልም የሚላኩት ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ የቪይ ናቸው። እኔ ብሆን የምልከው መሬት ላይ የተሰመረውን የጠመኔ ክብና ከላዩ ያለውን የጠቆረ የቅዱሳን ሥዕል ነበር።

ዳራውን የማየት ልማድ ላላቸው ሰዎች የተሠራ የሚመስል አንድ ፊልም አለ። የአውስትራሊያው «ሌክ መንጎ» ነው፣ 2008፣ ዳይሬክተሩ ጆኤል አንደርሰን። ያላያችሁት ካላችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሰምጣ ትሞታለች። ቤተሰቧ በፎቶና በቪዲዮ ጥግ ላይ እሷን የሚመስል ጥላ ማየት ይጀምራል። ፊልሙ እንደ ዶክመንተሪ ነው የተሠራው። ሰዎች ይናገራሉ፣ ካሜራው ፎቶ ላይ ቀስ ብሎ ይጠጋል። ምንም ዘሎ የሚያስደነግጥ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ቤተሰቡ ሐዘኑን ጨርሶ ቤቱን ይለቃል። ከዚያ የሠሪዎቹ ስም ሲወርድ ቀደም ብለን ያየናቸው ምስሎች እንደገና ይመጣሉ። እሷ እዚያ ነበረች። ሁላችንም ሌላ ቦታ ስናይ አላየናትም። ከሆረር ፊልም ሁሉ በጣም ያሳዘነኝ ይህ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለይ፣ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ይሸወዱበታልና። በኢንተርኔት የሚዞረው የፊልም ምስል ሁሉ ከፊልሙ የተቆረጠ አይደለም። ዱሮ በቀረጻ ቦታ ላይ ለማስታወቂያ የሚሆን ፎቶ የሚያነሳ የራሱ ባለሙያ ነበር። የእሱ ፎቶ በጣም ጥርት ያለ ነው። ተዋንያኑ ደንበኛ አቋቋም ይዘዋል፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ተስተካክሏል። ከፊልም የተቆረጠ ፍሬም ግን ትንሽ ይደበዝዛል፣ እጅ በእንቅስቃሴ ላይ ይያዛል፣ አፍ ግማሽ ይከፈታል። ፊልሙን መቶ ጊዜ ብታዩ የማታገኟቸው ዝነኛ ፎቶዎች አሉ።

አንዳንዴ ደግሞ ከፊልሙ የቀረው ያ ፎቶ ብቻ ነው። «ለንደን አፍተር ሚድናይት» የቶድ ብራውኒንግ ፊልም ነው፣ 1927። ተዋናዩ ሎን ቼኒ ረጅም ባርኔጣ አድርጎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የተሳሉ ጥርሶቹን ገልጦ ይታያል። ሜካፑን የሠራው ራሱ ነው። ሆረር የሚወድ ሰው ሁሉ ይህን ፊት ያውቀዋል። ዛሬ በሕይወት ካለነው መካከል ግን ፊልሙን አየሁ የሚል ማግኘት ከባድ ነው። የመጨረሻው የታወቀ ኮፒ በ1960ዎቹ በፊልም ድርጅቱ በኤምጂኤም መጋዘን ቃጠሎ ጠፍቷል። የዚያን ጊዜው የናይትሬት ፊልም እንደ ባሩድ ነው፣ ከያዘ አይጠፋም። በ2002 ከቀሩት ፎቶዎች ተገጣጥሞ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል የሚሆን ነገር ተሠርቷል፤ ፎቶ ከፎቶ ቀጥሎ፣ ከመሃሉ ጽሑፍ። አየሁት። ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ቼኒ በዚያ ባርኔጣ ሲራመድ እንዴት እንደሚራመድ አላወቅኩም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት ከአሜሪካ ረጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል። ከእነዚያ ስንቶቹ አንዲት ፎቶ እንኳ አላስቀሩም።

ግን ተስፋ የሚሰጠኝ ሌላ ታሪክ አለ። በ1910 የኤዲሰን ስቱዲዮ ጄ. ሰርል ዶውሊ የመራውን «ፍራንከንስታይን» አወጣ። ለረጅም ዘመን ጠፍቷል ተባለ። ይታወቅ የነበረው የኤዲሰን ኩባንያ በዚያን ጊዜ በሚያሳትመው መጽሔት ላይ በወጣው ፎቶ ነው፤ ቻርልስ ኦግል ፀጉሩ ተንጨባርሮ ጭራቁን ሆኖ። ፊልሙ ግን ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ ሰብሳቢ ቤት ተቀምጦ ነበር። በ1970ዎቹ ይህ ታወቀ። አሁን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አድሶ በነጻ አስቀምጦታል፣ ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ፎቶውን ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ ሊገምቱ አይችሉም ነበር። ጭራቁ የሚፈጠረው በትልቅ ጋን ውስጥ ነው። ሠሪዎቹ አንድ አሻንጉሊት አቃጥለው ቀረጹና ወደ ኋላ አዞሩት። እሳቱ ሥጋ ይሰጠዋል፣ ከአመዱ አጥንት፣ ከአጥንቱ ክንድ ይወጣል፣ ክንዱም መወዛወዝ ይጀምራል። ለዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ እጅግ ድፍረት ነው። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ጭራቁ መስታወት ፊት ይቆምና ይጠፋል፣ ምስሉ ግን መስታወቱ ውስጥ ይቀራል። ፍራንከንስታይን ገብቶ በራሱ ፊት ፋንታ የጭራቁን ያያል።

የብራውኒንግንም ፊልም እስከዛሬ የሚፈልጉ አሉ። የሆነ አገር፣ የሆነ ሰው ምድር ቤት፣ ስሙ ተሳስቶ የተጻፈበት ቆርቆሮ ውስጥ ይኖር ይሆናል ብለው ያምናሉ። እኔም አምናለሁ።